ሰውን እንዳለ መቀበል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ልጆች፣ በዛሬው ትምህርታችን ሌላውን የሚመራ፣ የሚያስተምርና የሚጠብቅ ክርስቲያን ሊኖረው ስለሚገባው አንድ ጠባይ እንማራለን። ይህም ጠባይ ሰውን እንዳለ መቀበል ይባላል።

ምናልባት «እኛ ልጆች ነን፤ መሪነት የትልልቆች ነው፤ ምን ይመለከተናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከእናንተ መካከል የክፍል ተጠሪ የሆነ አለ፤ መዝሙር የሚያስጠና አለ፤ ታናናሽ ወንድሞቹንና እኅቶቹን እጃቸውን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያመጣም አለ። ይህ ሁሉ መሪነት ነው። ደግሞም የነገዎቹ ካህናት፣ ዲያቆናት፣ መምህራንና የሰበካ ጉባኤ አገልጋዮች እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ልባችሁን ሰብስባችሁ ተከታተሉ።

1. መንፈሳዊ መሪ ማን ነው?

በመጽሐፍ ቅዱስ መንፈሳዊ መሪ ብዙ ጊዜ በእረኛ ይመሰላል። ከብት የጠበቃችሁ ልጆች ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። በአንድ መንጋ ውስጥ ፈጣን በግ አለ፤ ዘገምተኛም አለ። የምታነክስ አለች፤ ገና የተወለደ ግልገልም አለ። ካልጠፋ ሣር ከሰው ማሳ ካልገባሁ የሚል አስቸጋሪም አይታጣም። እረኛው ማታ ሲመለስ «የምታነክሰዋ ስላስቸገረችኝ ሜዳ ላይ ትቻት መጣሁ» ቢል ባለቤቱ ዝም ይለዋልን? አይለውም። በጎቹ የእረኛው አይደሉምና አንድ በአንድ ይጠይቀዋል።

መንፈሳዊ መሪም እንዲሁ ነው። የሚጠብቃቸው ሰዎች የእርሱ ሳይሆኑ የእግዚአብሔር ናቸው። ስለዚህ «ይህኛውን እወዳለሁ፤ ያኛውን አልፈልግም» ብሎ የመምረጥ ሥልጣን የለውም። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ መልካም እረኛ እርሱ እንደ ሆነ ነግሮናል (ዮሐ. 10፥11)። ከመቶ በጎች አንዷ ስትጠፋበት ዘጠና ዘጠኙን ትቶ ፍለጋ ስለ ሄደ እረኛም አስተምሮናል። ያ እረኛ በጓን ባገኛት ጊዜ በዱላ አልመታትም፤ ደስ ብሎት በትከሻው ተሸከማት እንጂ (ሉቃ. 15፥4-6)።

በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ የንስሐ አባትን ተመልከቱ። ሀብታሙም ድሃውም፣ የተማረውም ያልተማረውም የንስሐ ልጆቻቸው ናቸው። የታመመ ይጠይቃሉ፤ የተጣላ ያስታርቃሉ፤ ቤት ገብተው ጸሎት ያደርሳሉ፤ ጠበል ይረጫሉ። ሰው ኃጢአቱን ሲናዘዝ «አንተማ ከፊቴ ጥፋ» ብለው አያባርሩትም። ይሰሙታል፤ ይመክሩታል፤ ቀኖና ይሰጡታል፤ ወደ ቅዱስ ቁርባን እንዲቀርብም ያዘጋጁታል። የሰሙትን ምስጢር ለማንም አይናገሩም። ሰው ያለ ፍርሃት ወደ እርሳቸው የሚመጣውም እንደሚቀበሉት ስለሚያውቅ ነው።

2. ሰውን እንዳለ መቀበል ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ትንሽ ልጅ በክረምት ሲጫወት ውሎ በጭቃ ተለውሶ ወደ ቤቱ መጣ እንበል። እናቱ ደጃፍ ላይ ቆማ «መጀመሪያ ንጹሕ ሁን፤ ልጄ የምትሆነው ከዚያ በኋላ ነው» ትለዋለችን? አትለውም። ልጇ ነውና ታስገባዋለች። ካስገባችው በኋላስ ከነጭቃው አልጋ ላይ ታስተኛዋለችን? ይህንንም አታደርግም። ውኃ አሙቃ ታጥበዋለች፤ ልብሱንም ትቀይርለታለች።

ልጆች፣ የመንፈሳዊ መሪም ሥራ እንደዚህች እናት ሥራ ነው። አስቀድሞ ይቀበላል፤ ቀጥሎ ያጥባል። ሰውን የማይቀበል መሪ የሚያጥበው ሰው አያገኝም፤ በሩ ተዘግቷልና። ተቀብሎ የማያጥብ መሪ ደግሞ ልጁን በጭቃው ይተወዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በሰው ላይ የምናየው ልዩነት ሁሉ ጭቃ አይደለም። ድሃ መሆን ጭቃ አይደለም። የቆዳ ቀለም፣ ሌላ ቋንቋ መናገር፣ ከሌላ አካባቢ መምጣት፣ ዐይን ወይም እግር መታመም፣ ሲናገሩ መንተባተብ፣ ትምህርት ቶሎ አለመግባት፣ እነዚህ ሁሉ ኃጢአት አይደሉም። ስለዚህ ሰውን በእነዚህ አንነቅፈውም፤ እንዲለወጥም አንጠይቀውም። እንዲያው በደስታ እንቀበለዋለን። ነቢዩ ሙሴ አንደበቱ ኮልታፋ ነበር። እግዚአብሔር ግን «መጀመሪያ ተናገር፣ ከዚያ እልክሃለሁ» አላለውም፤ ወንድሙን አሮንን ረዳት አድርጎ ሰጠውና ወደ ፈርዖን ላከው (ዘጸ. 4፥10-16)። ነቢዩ ሳሙኤልም ንጉሥ ሊቀባ ወደ እሴይ ቤት በሄደ ጊዜ ረጅሙንና መልከ መልካሙን ኤልያብን አይቶ ይህ ሳይሆን አይቀርም ብሎ አስቦ ነበር። እግዚአብሔር ግን ሰው ፊትን እንደሚያይ፣ እርሱ ልብን እንደሚያይ ነገረው። የተመረጠውም በግ ሲጠብቅ የነበረው ታናሹ ዳዊት ሆነ (1ኛ ሳሙ. 16፥6-13)።

እልከኝነት፣ ስርቆት፣ ውሸት፣ ስድብ ግን ጭቃ ናቸው። ሰውየውን እንቀበላለን፤ ጭቃውን ደግሞ እንዲያጥብ እንረዳዋለን።

3. ጌታችን ሰዎችን እንዴት ተቀበለ?

ሀ. ዘኬዎስ

ዘኬዎስ በኢያሪኮ ከተማ የሚኖር የቀራጮች አለቃ ነበር። ቀራጮች ለሮማውያን መንግሥት ግብር የሚሰበስቡ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ከታዘዘው በላይ ስለሚቀበሉ ሕዝቡ ይጠላቸው ነበር። ዘኬዎስ ቁመቱ አጭር ስለ ነበረ ጌታን ለማየት ሾላ ዛፍ ላይ ወጣ። ጌታችን ከዛፉ ሥር ሲደርስ ቀና ብሎ በስሙ ጠራው፤ በቤቱም ሊውል እንደሚገባው ነገረው። ሕዝቡ ግን ከኃጢአተኛ ቤት ገባ ብለው አንጐራጐሩ።

አሁን የነገሩን ቅደም ተከተል አስተውሉ። ዘኬዎስ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እሰጣለሁ፣ የበደልሁትንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው መቼ ነው? ጌታ ከጠራው በፊት ነው ወይስ በኋላ? በኋላ ነው። ስድብ ያልለወጠውን ሰው መቀበል ለወጠው (ሉቃ. 19፥1-10)።

ለ. ሐዋርያት

አምስቱ የእጅ ጣቶቻችን እኩል አይደሉም፤ ነገር ግን እንጀራ ለመቁረስ አምስቱም ያስፈልጋሉ። ጌታችን የመረጣቸው አሥራ ሁለቱ ሐዋርያትም አንድ ዓይነት ሰዎች አልነበሩም። ጴጥሮስና እንድርያስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ማቴዎስ ቀራጭ ነበር። ያዕቆብና ዮሐንስ ከኃይለኝነታቸው የተነሣ የነጎድጓድ ልጆች ተብለዋል (ማር. 3፥17)። ቶማስ ካላየሁ አላምንም የሚል ነበር። ጴጥሮስ ቶሎ የሚናገርና ቶሎ የሚቆጣ ነበር። ጌታችን ይህን ሁሉ እያወቀ ጠራቸው፤ ከሦስት ዓመት በላይም በትዕግሥት አስተማራቸው።

ቅዱስ ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ ካደ። ከዚያም ወጥቶ ምርር ብሎ አለቀሰ። ጌታችን ከሙታን ከተነሣ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሲያገኘው ምን አደረገ? በሌሎቹ ፊት አላዋረደውም። ይወደው እንደ ሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ ሦስት ጊዜም በጎቹን እንዲጠብቅ አደራ ሰጠው (ዮሐ. 21፥15-17)። ሦስት ጊዜ የካደ አንደበት ሦስት ጊዜ ፍቅሩን ተናገረ። ከዚያ በኋላ ጴጥሮስ የወደቀ ሰው ሲያይ የሚንቅ ይመስላችኋልን?

4. ደቀ መዛሙርቱና ቅዱሳን አባቶችስ?

ሀ. ዲያቆኑ ፊልጶስ

ፊልጶስ ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ ነው (ሐዋ. 6፥5)። የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ባለሟል የነበረው ጃንደረባ በኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ በሠረገላው ላይ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር፤ ትርጓሜውን ግን አላወቀም። በአገሩም በቋንቋውም ለፊልጶስ እንግዳ ነው። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበት፤ የሚያነበውን ሰማ፤ ታስተውለዋለህን ብሎ ጠየቀው። ሲለምነውም ሠረገላው ላይ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ከዚያም ሰውየው ከደረሰበት ምዕራፍ ጀምሮ ስለ ክርስቶስ አስተማረው፤ አጠመቀውም (ሐዋ. 8፥26-40)።

ፊልጶስ «ይህን እንኳ አታውቅም?» ብሎ አልናቀውም። ሰውየው ከቆመበት ቦታ ላይ ነው የጀመረው። የአገራችን ክርስትና ሲነሣ የምንጠቅሰው ይህ ታላቅ ታሪክ የተፈጸመው አንድ ዲያቆን ከማያውቀው ሰው አጠገብ ሊቀመጥ ስለ ፈቀደ ነው።

ለ. ቅዱስ በርናባስ

በርናባስ የቆጵሮስ ሰው ነው። ስሙ የመጽናናት ልጅ ማለት ነው (ሐዋ. 4፥36)። ሳውል የተባለው ጳውሎስ አስቀድሞ ክርስቲያኖችን ያሳድድ ነበር። አምኖ ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ፈሩት፤ የእውነት አማኝ መሆኑን አላመኑም። ማን ይፈርድባቸዋል? ወንድሞቻቸውን ያሰረ ሰው ነው። በርናባስ ግን ይዞት ወደ ሐዋርያት ወሰደው፤ ጌታ በመንገድ እንደ ተገለጠለትም ነገረለት (ሐዋ. 9፥26-27)።

ከጊዜ በኋላ ጳውሎስና በርናባስ ወንጌል ሊሰብኩ ሲወጡ ማርቆስ የተባለውን ዮሐንስን ይዘውት ሄዱ። ማርቆስ ግን ከጵንፍልያ ትቷቸው ተመለሰ። በሁለተኛው ጉዞ በርናባስ ማርቆስን እንደገና እንውሰደው አለ። ቅዱስ ጳውሎስ ለአገልግሎቱ አስቦ እምቢ አለ። በዚህም ተለያዩ፤ ጳውሎስ ሲላስን ይዞ ሄደ፤ በርናባስም ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ በመርከብ ሄደ (ሐዋ. 15፥36-41)።

በርናባስ ያን ወጣት ትቶት ቢሆን ኖሮስ? ልጆች፣ ይህ ማርቆስ በስሙ የሚጠራውን ወንጌል የጻፈው ቅዱስ ማርቆስ ነው። ወደ ግብፅ ሄዶ በእስክንድርያ የሰበከ፣ በዚያም በሰማዕትነት ያረፈው እርሱ ነው። የእስክንድርያ መንበር እስከ ዛሬ የማርቆስ መንበር ይባላል። በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ አትናቴዎስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አገራችን የላከው ከዚህ መንበር ነው። በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው የተሾሙትም በዚያው መንበር ፓትርያርክ በአቡነ ቄርሎስ 6ኛ እጅ ነው። ከመንገድ የተመለሰ አንድ ወጣት እንደገና በመታመኑ ስንት በረከት እንደ ተገኘ ተመልከቱ። ቅዱስ ጳውሎስም በኋላ ማርቆስ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው መስክሮ እንዲያመጡለት ጽፏል (2ኛ ጢሞ. 4፥11)። በእስር ቤት ሳለም ከጌታው ከፊልሞና ለኮበለለው ለአናሲሞስ ደብዳቤ ጽፎ፣ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ለምኗል፤ ዕዳ ቢኖርበት እኔ እከፍላለሁ ብሏል (ፊልሞ. 10-19)።

ሐ. ሙሴ ጸሊም

ሙሴ ጸሊም በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረ ቅዱስ ነው። አስቀድሞ ኃይለኛ ሽፍታ ነበር። ተጸጽቶ ወደ አስቄጥስ ገዳም በመጣ ጊዜ አባ ኤስድሮስ ተቀብሎ አስተማረው። በብዙ ተጋድሎ መነኰሰ፤ በኋላም ቅስና ተሾመ። በዓሉ ሰኔ 24 ቀን ይከበራል።

አንድ ቀን በገዳሙ የሚኖር አንድ ወንድም በደለ። መነኰሳቱ ሊፈርዱበት ተሰብስበው ሙሴን አስጠሩት። እርሱም በተቀደደ ዘንቢል አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። አሸዋው በመንገዱ ሁሉ ይፈስስ ነበር። «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት። የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ግን እንደማያየው፣ ነገር ግን በሌላው ሊፈርድ እንደ መጣ ነገራቸው። መነኰሳቱም ይህን ሰምተው ለዚያ ወንድም ይቅርታ አደረጉለት። ሙሴ እርሱን ራሱን የተቀበሉትን ቀን አልረሳም ነበር።

5. መቀበል ማለት ኃጢአትን መውደድ አይደለም

አንዳንድ ሰው «እንዳለ ከተቀበልነው እንግዲህ ያሻውን ያድርግ» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ሐኪም በሽተኛውን ይቀበላል፤ በሽታውን ግን ሊያጠፋ ይታገላል። ጌታችንም በዝሙት የተያዘችውን ሴት ከሚወግሯት ሰዎች አዳናት፤ ዳግመኛ ኃጢአት እንዳትሠራ ግን አዘዛት (ዮሐ. 8፥3-11)።

ስለዚህ ባልንጀራችን ቢበድል እንዴት እናርመው? ጌታችን ሥርዓቱን አስተምሮናል። መጀመሪያ ለብቻው ሆነን እንነግረዋለን። ካልሰማን አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምረን እንነግረዋለን። ካልሆነም ለቤተ ክርስቲያን እንነግራለን (ማቴ. 18፥15-17)። በጉባኤ መካከል መገሠጽና በጓደኞች ፊት ማሳፈር የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም።

ነገር ግን ልጆች፣ ይህን ጠብቁ። ማንም ሰው፣ ልጅም ይሁን ትልቅ፣ ሌላውን ልጅ ቢመታ ወይም ቢጎዳ፣ ወይም ደግሞ «ለማንም እንዳትናገሩ» ብሎ ቢያስፈራራችሁ ዝም አትበሉ። ለእናት ለአባታችሁ ወይም ለምታምኑት መምህር ወዲያው ንገሩ። ይህ ሐሜት አይደለም። መልካም እረኛ ተኩላ ሲመጣ ዝም አይልም።

6. እኛስ በክፍላችን ምን እናድርግ?

አንድ አዲስ ልጅ ከሩቅ አገር ወደ ከተማችን መጣ እንበል። አማርኛው ገና አልቀናም። ነጠላ የለውም፤ ጫማውም የተቀደደ ነው። መዝሙር ሲዘመር ቃሉን አሳሳተ። ከኋላ ያሉት ሳቁበት። በሚቀጥለው እሑድ ያ ልጅ ይመጣልን? ምናልባት ላይመጣ ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ማለት የሚሳቅብኝ ቦታ ነው ብሎ ቢያድግ ጌታ የሚጠይቀው ማንን ነው? የሳቁትን ብቻ አይደለም፤ እያየ ዝም ያለውን ተጠሪም ይጠይቃል። በበጎቹ መካከል አንድ ቦታ ጎድሏልና።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንፈጽም።

• አዲስ ልጅ ሲመጣ ስሙን ጠይቁ፤ በስሙም ጥሩት። ጌታችን ዘኬዎስን በስሙ ጠርቶታል።

• አጠገባችሁ አስቀምጡት። ዲድስቅልያ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ ድሃ ወይም እንግዳ ወደ ጉባኤ ሲገባ ቦታ እንዲፈለግለት ያዝዛል። ሐዋርያው ያዕቆብም ለባለጠጋው መልካም ወንበር ሰጥቶ ድሃውን ማስቆም አድልዎ መሆኑን አስተምሯል (ያዕ. 2፥1-4)።

• በቅጽል ስም አትጥሩት፤ በአነጋገሩም አትሳቁ። ሌሎች ሲስቁ ተጠሪው በትሕትና ያስቁም።

• የሚችለውን ሥራ ስጡት። ድምፁ ለመዝሙር ያልተመቸ ምንጣፍ ያነጥፍ፤ መጻሕፍት ያድል። ከበሮ መምታት የሚወድ ካለ ይለማመድ። ሥራ ያገኘ ልጅ ቤቱ እንደ ሆነ ያውቃል።

• የቀረውን ልጅ ፈልጉ። ሁለት እሑድ ያልመጣ ካለ ቤቱ ሄዳችሁ፣ ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ፣ እንዴት እንደ ሆነ ጠይቁ። ምናልባት ታሞ ይሆናል፤ ምናልባትም አዝኖብን ይሆናል።

• ያጠፋ ልጅ ይቅርታ ሲጠይቅ የቀድሞውን ጥፋት መልሳችሁ አታንሡበት። ከአንገት በላይ ይቅር ማለት ይቅርታ አይደለም።

• ከመፍረዳችሁ በፊት የሙሴ ጸሊምን ዘንቢል አስቡ።

ይህ ሁሉ ቀላል ነው ብዬ አልነግራችሁም። የሚያስቸግርን ሰው መታገሥ ያደክማል። ስለዚህ መሪ የሆነ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይጸልያል። የማይወደውን ልጅ ስም በጸሎቱ የሚያነሣ ሰው ውሎ አድሮ ያን ልጅ መውደድ ይጀምራል። ሞክሩትና ታዩታላችሁ።

ማጠቃለያ

እግዚአብሔር እኛን ከነድካማችን ተቀብሎናል። ገና ምንም ሥራ ሳንሠራ፣ ወንዶች በአርባ ሴቶች በሰማንያ ቀናችን በጥምቀት ልጆቹ አድርጎናል። ቅዱስ ጳውሎስ ክርስቶስ እንደ ተቀበለን እኛም እርስ በርሳችን እንድንቀባበል ያስተማረው ስለዚህ ነው (ሮሜ 15፥7)። ክፍላችን ሁሉም ልጅ ሳይፈራ የሚገባበት፣ ገብቶም የሚሻልበት ይሁን። ለዚህም የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ጸሎት ይርዳን።

የክለሳ ጥያቄዎች

1. መንፈሳዊ መሪ በእረኛ የሚመሰለው ለምንድን ነው?
2. ዘኬዎስ ንስሐ የገባው ጌታ ከጠራው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከዚህ ምን እንማራለን?
3. በሰው ላይ ከምናያቸው ልዩነቶች «ጭቃ» ያልሆኑትን አራት ጥቀሱ።
4. ቅዱስ በርናባስ ለማን ለማን ጠበቃ ሆነ?
5. ሙሴ ጸሊም በዘንቢሉ አሸዋ ይዞ የመጣው ምን ለማስተማር ነው?
6. ባልንጀራችሁ ቢበድላችሁ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?

የሳምንቱ ተግባር

ሀ. ሮሜ 15፥7ን ከመጽሐፍ ቅዱስ አውጥታችሁ በቃላችሁ አጥኑ።
ለ. በክፍላችሁ ብዙም የማታናግሩት አንድ ልጅ ካለ በሚቀጥለው እሑድ አጠገቡ ተቀመጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። ወለወላዲቱ ድንግል። ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።